ሰልባጅ አይደለም፣ የተሮጠበት ነው



ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩት ፎቶ ሲያስቃችሁ ሰንብቷል። አሥራ አንድ ጥንድ ያረጀ ጫማ፣ ስድስት የደበዘዘ ማሊያ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ የውድድር ቁጥር። «ቲቸር ሰልባጅ ጀመርክ እንዴ?» ያላችሁኝ ብቻ ከሃያ ትበልጣላችሁ። አንዱ የድሮ ተማሪዬማ «አቦ ቲቸር፣ የግራውን ብቻ ስንት ትለዋለህ?» ብሎ ጨርሶኛል። ሳቁ፣ ምንም አይደል። ከቀልዱ መሀል ግን አንዲት እህት «የምርህን ግን ለምንድነው የምትሰበስበው?» ብላ ጠይቃኛለች። በኮሜንት የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ረዘም ይላል፤ ሆጃችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ለማታውቁኝ፦ እኔ ሐኪም ጋራ ሥር የምኖር የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ዲፕሎማዬን ይዤ ማስተማር ከጀመርኩ ጀምሮ መሮጥ የሚፈልጉ ልጆችን በጠዋት ወደ ጋራው ይዤ እወጣለሁ። ጅቡ ከከተማ ወደ ማደሪያው ሲመለስ እኛ ወደ ላይ ስንሄድ መንገድ ላይ የምንተላለፍበት ሰዓት ነው፤ ሐረር የኖረ ያውቀዋል። እስከ አው ሐኪም ድረስ ወጥተን ጁገልን ቁልቁል አይተን እንመለሳለን። ከነዚህ ልጆች ውስጥ ጥቂቶቹ ክለብ ገብተው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ሮጠዋል፣ ኳስ ተጫውተዋል። እኔ የምሰበስበው የነሱን ነው። ውድድር ላይ የሮጡበትን ጫማ፣ የተጫወቱበትን ማሊያ፣ ደረታቸው ላይ የለጠፉትን ቁጥር። አዲስ ዕቃ አልፈልግም። የታዋቂ አትሌት ፎቶ የታተመበት አዲስ ቲሸርት ብትሰጡኝ ለብሼው ነው የምሄደው።

እንግዲህ ለሐረር ሰው ስለ ሰልባጅ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ሁላችንም ያደግነው በሱ ነው። ሰልባጅ ተራ ስትገቡ ሻጩ የሚምለው በምንድን ነው? «አንድ ቀን ብቻ የተለበሰ ነው!» ገዢው ደግሞ ልብሱን ይገለብጣል፣ ብብቱን ያያል፣ ስፌቱን ይስባል፣ ጫማ ከሆነ ሶሉን ያጥፈዋል። ያረጀ ምልክት ካገኘ ዋጋው ይወርዳል። ሕጉ ቀላል ነው፤ የሰው ላብ በነካው ቁጥር ዕቃው ይረክሳል።

እኔም ጫማ ሲመጣልኝ እንደዚያው እገለብጣለሁ፣ ስፌቱን አያለሁ፣ ሶሉን አጥፋለሁ። ልዩነቱ እኔ የምፈልገው ገዢው የሚሸሸውን ነው። ሶሉ የት ጋ አለቀ? የመሮጫ ትራክ ሁልጊዜ ወደ ግራ ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ የግራውና የቀኙ ጫማ አንድ ዓይነት አያልቁም። ስፓይኩ ስንት ሚስማር ቀረው? ምላሱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አለ? ማሊያው ትከሻ ላይ ከተቀደደ ማን ጎተተው? የላቡ ጨው ጀርባው ላይ እስከየት ወርዷል?

ይሄ የኔ ብቻ እብደት እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ ትልቅ ነገር ነው። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አላቸው። ኳሱ የሚመታበት ዱላ ባት ይባላል፤ የኛን የገና ዱላ አስቡ፣ ብቻ ጫፉ አልቆለመመም፣ ቀጥ ያለና ወደ ጫፉ የሚወፍር ነው። እዚያ አገር ታዋቂ ተጫዋች ውድድር ላይ የመታበትን ባት የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው። አዲስ ባት ከሱቅ መግዛት ይችላሉ። እነሱ የሚፈልጉት ግን ኳሱ እንጨቱ ላይ የተወውን ምልክት ነው፤ አንዳንዴ የኳሱ ስፌት ሳይቀር እንጨቱ ላይ ታትሞ ይታያል። እጀታው ላይ እንዳያንሸራትት የተቀባው ሙጫ፣ የእጀታው ግርጌ ላይ የተጻፈው የተጫዋቹ ቁጥር፣ በምት የመጣ ስንጥቅ፣ ሁሉም ይነበባል። የተሰነጠቀ ዱላ እኛ ዘንድ ማገዶ ነው። እዚያ ግን ስንጥቁ ራሱ ታሪክ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ቤብ ሩት የሚባለው ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ1923 በኒው ዮርክ ያንኪ ስታዲየም የመጀመሪያውን ሆም ረን፣ ማለትም ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ ያሳለፈበትን ምት፣ የመታበት ባት በ2004 በጨረታ 1.265 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል።

ቤዝቦል አይገባንም ካላችሁ ወደ ኳሳችን ልምጣ። ማራዶና በ1986 የዓለም ዋንጫ እንግሊዝን በእጁም በእግሩም ያሸነፈበትን ማሊያ ታስታውሳላችሁ። ከጨዋታው በኋላ ስቲቭ ሆጅ የሚባለው እንግሊዛዊ ተጫዋች ማሊያ ተለዋውጦት ወሰደው። በ2022 ለንደን ላይ በ7.1 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። የሚገርመው፣ አርጀንቲናዎች የዚያን ቀን የለበሷቸው ማሊያዎች ከጨዋታው በፊት እዚያው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በችኮላ ከሱቅ ተገዝተው ቁጥር የተለጠፈባቸው ናቸው። መኪና ግርግር ወስደን ለሰፊዎቹ «በቶሎ ቁጥር ለጥፉልን» እንደምንለው ማለት ነው። ጨርቁ ተራ ጨርቅ ነበር። ዘጠና ደቂቃ ነው የቀየረው።

ከሩጫም ላምጣ። እንግሊዛዊው ሮጀር ባኒስተር በ1954 አንድ ማይልን በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ ሲሮጥ በዓለም ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያደረገው ስስ የቆዳ ስፓይክ በ2015 ጨረታ ላይ 266,500 ፓውንድ አወጣ። ስለዚህ «አሮጌ ጫማ» እያላችሁ ስትስቁ ተጠንቀቁ፣ ሃ ሃ።

ገንዘቡ ግን አይደለም እኔን የሚይዘኝ። እኔን የሚይዘኝ «በምን ታውቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይሄ ጫማ የዚያን ቀን ጫማ ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው? አሜሪካኖቹ ለዚህ ሥርዓት አበጅተዋል። ከ2001 ጀምሮ የቤዝቦሉ ሊግ ጨዋታ ላይ ቁጭ ብለው የሚያዩ አረጋጋጮች አሉት። ባቱ ወይም ኳሱ ከሜዳ ሲወጣ በዓይናቸው አይተው፣ ቁጥር ያለው የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ይለጥፉበታል፤ ተለጣፊው ከተነካካ ይበላሻል። ብዙዎቹ አረጋጋጮች ፖሊስ የነበሩ ወይም የሆኑ ሰዎች ናቸው። ስለ ማራዶና ማሊያም ክርክር ነበር፤ ከቤተሰቡ ወገን «ይሄ የመጀመሪያው አጋማሽ ነው፣ ጎሎቹ የገቡበት የሁለተኛው አጋማሽ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ተነስቷል። አጫራቾቹ የማሊያውን ጥቃቅን ምልክቶች ከጨዋታው ፎቶዎች ጋር እያስተያዩ የሁለተኛው አጋማሽ ነው አሉ። ሁለት ማሊያ ሊሆን ይችላል፤ ጨርቁ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ ላቡም የአንድ ሰው። የሚለያያቸው አርባ አምስት ደቂቃ ነው።

እኛ ጋ ተለጣፊ የለም። እኛ ጋ ያለው ሰው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ የታዋቂ አትሌት ቁጥር ነው ብሎ ሊሸጥልኝ አመጣ። ቁጥሩን ገለበጥኩት፤ አራቱም ማዕዘን ንጹሕ። «ወንድሜ፣ መርፌ ቁልፍ ያልነካው ቁጥር ደረቷ ላይ በምን ቆመ?» አልኩት። ሳቀና ሄደ። እውነተኛ ቁጥር አራት ቦታ ይበሳል። አንዳንዱ ስድስት፣ ስምንት ቦታ ተበስቶ ይመጣል፤ ባለቤቱ ከመነሻው በፊት በጭንቀት አውልቆ ደጋግሞ የሰካው ነው። በላብ ወይም በዝናብ ከራሰ ደግሞ መርፌ ቁልፉ ዝገት ይተዋል። ከአርባ በላይ ቁጥሮች አሉኝ፣ እያንዳንዱ ከዝገቱ ጋር ነው ያለው።

አሁን ወደ አገራችን ስመለስ አንድ ነገር ይገርመኛል። የኢትዮጵያ ሩጫ ትልቁ ቀን እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 1960 ነው ብንል ብዙ የሚከራከረን አይኖርም። ሮም ላይ፣ በችቦ ብርሃን፣ የክቡር ዘበኛው አበበ ቢቂላ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ጨረሰ። በባዶ እግሩ። የቀረቡለት ጫማዎች አልተመቹትም፤ በባዶ እግር መሮጥ ደግሞ ልምዱ ነበር። እንግዲህ ሰብሳቢ ሆናችሁ ሮም ላይ ብትገኙ ምን ትወስዳላችሁ? የዓለም ሰብሳቢ ሁሉ የሚመኘው ጫማ የለም። የለበሰው ሶሉ የራሱ ቆዳ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ ሲያሸንፍ ግን ጫማ አለ። ሁለቱን ድሎች ለተማሪዎቼ ሳስተምር ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ሮሙ ነው። የሌለው ጫማ ካለው ጫማ በልጧል።

በሌላው ጫፍ ትዕግስት አሰፋን አስቡ። በ2023 በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ገብታ የሴቶችን የማራቶን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ያን ቀን ያደረገችው ጫማ 138 ግራም ብቻ ይመዝናል፣ ዋጋው 500 ዶላር ነበር፣ አምራቹም ራሱ ለአንድ ማራቶን የተሠራ ነው ብሎታል። ከገባች በኋላ ጫማዋን አውልቃ ከፍ አድርጋ አሳየች። ፎቶውን ለክፍል ሳሳይ አንዱ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ከዛ በኋላ ለማን ሰጠችው?» አለኝ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የኛ ልጅ የሚጠይቀው «ስንት ተሸጠ?» ብሎ አይደለም። «ለማን ተሰጠ?» ነው። ምክንያቱም እኛ ጋ ጫማ ጡረታ አይወጣም። ክለብ የገባች ልጅ አዲስ ስፓይክ ስታገኝ አሮጌውን ለታናሿ ታወርሳለች። ታናሿ ለጎረቤት። ጎረቤት ለመንደር ልጅ። ሐረር ሲደርስ ሦስተኛ ወይ አራተኛ እግር ላይ ነው። የመጀመሪያዋ ያሸነፈችበት ቀን ምልክት በሁለተኛዋ ተረግጦ፣ በሦስተኛዋ ተሰፍቶ፣ በአራተኛዋ ማስቲሽ ተቀብቶ ይጠፋል። «ኢትዮጵያ ይሄን ያህል ሯጭ እያላት ጫማቸው ለምን የትም አይገኝም?» ለሚል ሰው መልሱ ይሄ ነው። የቸልተኝነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጫማው ሥራ ላይ ነው።

ታዲያ እንዲህ ባለ አገር ውስጥ ሰብሳቢ መሆን ምን ማለት ነው? እኔ መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት እያንዳንዱ ጫማ አንድ ልጅ ያልሮጠበት ጫማ ነው። ይሄን ሳላስብ የማድርበት ቀን የለም ብል ውሸት ነው፣ ግን አስበዋለሁ።

መሰብሰብን ያስተማረኝ ከተማዬ ነው። ጌ ጋር ግቡና ግድግዳውን ተመልከቱ፤ ስፌቱ፣ ሳህኑ፣ ሁሉም ተሰቅሎ የቤቱን ታሪክ ይናገራል። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ደግሞ በሰው ቤት ጥግና ሣጥን ውስጥ የነበረውን የሐረር ቅርስ፣ የእጅ ጽሑፉን፣ ሳንቲሙን፣ ጌጡን፣ የድሮ የዘፈን ቅጂውን ሳይቀር መጀመሪያ በግላቸው ሰብስበው በቤታቸው አስቀመጡት። ዛሬ ራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ሙዚየም ሆኗል። ተማሪ ይዤ በሄድኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ሐሳብ አንድ ነው፤ ይሄ ሁሉ ነገር አንድ ቀን ለአንድ ሰው «አሮጌ ዕቃ» ነበር። ልዩነቱ ግን እዚያ ያለ የእጅ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ሆኖም ይነበባል። መደርደሪያ ላይ ያለ ስፓይክ አይሮጥም።

ስለዚህ ለራሴ ሦስት ሕግ አወጣሁ። አንደኛ፣ የተሰጠኝን አልሸጥም። አንድ ከውጭ የመጣ ወንድማችን አሁን በትልቅ ሊግ የሚጫወት ተማሪዬን ማሊያ አይቶ ከወር ደመወዜ የሚበልጥ ብር ጠራልኝ። ደመወዜን ታውቃላችሁ፣ ምራቄን አልዋጥኩም አልልም። ግን ልጁ የሰጠኝ «ቲቸር ያዝልኝ» ብሎ ነው። «ያዝልኝ» የተባለ ዕቃ የአደራ ዕቃ ነው፤ የልጁን ስልክ ሰጠሁትና ከባለቤቱ ጋር ተነጋገር አልኩት። ሁለተኛ፣ ያለ ታሪክ ዕቃ አልቀበልም። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ስንተኛ ወጣ፣ ከጎኑ ማን ነበር፤ ይሄ ደብተር ላይ ይጻፋል፣ ባለቤቱም ይፈርምበታል። ሦስተኛ፣ ገና ሊሮጥበት የሚችል ጫማ አላስቀምጥም።

ሦስተኛው ሕግ የወጣው በአንድ ጥንድ ስፓይክ ምክንያት ነው።

አንዲት የድሮ ተማሪዬ ክለብ ገብታ አገር አቀፍ ሻምፒዮና ላይ 5,000 ሜትር ሮጣበታለች። ሰባተኛ ወጣች። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዙር የሮጠችው የግራው ሶል ከፊት ተነስቶ እየተገለበጠ ነው፤ መሬት በረገጠች ቁጥር ያጨበጭባል። ከዚያ በኋላ የተረከዟ ጅማት ተጎዳ፤ ሞከረች፣ አልሆነም፣ ሩጫ አቆመች። አሁን ድሬዳዋ ሱቅ አላት። ስፓይኩን በሚኒባስ ሹፌር በኩል ላከችልኝ። አብሮት ቁጥሩ ታጥፎ ጫማው ውስጥ ገብቷል። ምላሱ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የእናቷን ስም ጽፋበታለች። ከነበሩኝ ሁሉ ይሄን ነበር የምወደው። ሶሉ እንደተነሳ ነበር፤ ጣታችሁን ስትከቱበት ያቺን ሁለት ዙር ትነካላችሁ።

አንድ ቅዳሜ የአሥረኛ ክፍል ልጆች ካርቶን ሊያነሱልኝ ቤት መጡ። ከነሱ አንዷ ከጋራው ማዶ የምትመጣ ልጅ ናት። ኮንጎ ጫማ አድርጋ ስትሮጥ ያየኋት ቀን ሰዓቴ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ስፓይኩን አንስታ ገለበጠችው።

«ቲቸር፣ ይሄን ማን ያደርገዋል?»

«ማንም።»

«38 እኮ ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጠ?»

መልስ አልነበረኝም ማለት አይደለም። አሁን የጻፍኩላችሁን ሁሉ ልነግራት እችል ነበር፤ ስለ ማራዶናም፣ ስለ ባኒስተርም። በሳምንቱ የትምህርት ቤቶች ውድድር ነበረ። ልጅቷ ደግሞ ቁማ የምትጠብቀው የታሪክ ማብራሪያ አይደለም።

ዕቃው ግን የኔ አይደለም፣ አደራ ነው። ድሬዳዋ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት ትንሽ ዝም አለች።

«እግሯ ስንት ቁጥር ነው?»

«38።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ ቲቸር፣ ስጣት እንጂ! የግራው ሶል ይነሳል፤ ማስቲሽ አስቀቡት። የቀኙ ትንሽ ይጠብባል፣ በቀጭን ካልሲ ታድርገው።»

ከመስጠቴ በፊት በሁሉም ጎን ፎቶ አነሳሁት፤ የተነሳውን ሶል ለብቻው፣ ምላሱን ለብቻው። ከዚያ ሸዋ በር ጋ ጫማ ሰፊው ዘንድ ወስደን ማስቲሽ ተቀባ፣ ዙሪያውን በክር ተሰፋ። ልጅቷ 1,500 ሜትር ሮጠች።

አሸነፈች ብዬ ብጽፍ ደስ ባላችሁ ነበር። አምስተኛ ወጣች፤ ለቀጣዩ ውድድር አልተመረጠችም። ግን በኮንጎ ከምትሮጠው በብዙ ሰከንድ የተሻለ ሰዓት ነው ያስመዘገበችው፣ እሱም ደብተሩ ላይ ሰፍሯል። ዓመቱን ሙሉ ልምምድ ሠራችበት። ስፓይኩ የተመለሰልኝ በክረምት ነው፤ ሦስት ሚስማር ጎድሎ፣ የቀኙ ጎን ተሰንጥቆ፣ ከእንግዲህ ማንንም የማይሸከም ሆኖ። እሷም ቁጥሯን አጥፋ እንደ መጀመሪያዋ ጫማው ውስጥ ከታዋለች። ማንም አላዘዛትም፤ የፊተኛውን አይታ ነው።

እውነቱን ለመናገር አንድ ነገር ጠፍቷል። ያ የተነሳ ሶል አሁን የለም። የአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ዓይን ቢያየው «ተጠግኗል፣ ሌላ ሰው አድርጎታል» ብሎ ይተወዋል፤ ከሙያው አንጻር ልክ ነው። የሁለቱን ዙር ምልክት ዛሬ ጣታችሁን ከታችሁ አትነኩትም፣ በፎቶ ነው የምታዩት። ፎቶና ዕቃ አንድ ነው ብዬ ራሴን አላታልልም። አጥቼዋለሁ። ብጠየቅ ግን ዛሬም እሰጣለሁ፤ ምክንያቱም ያ ጫማ ውድ የሆነብኝ የተሮጠበት ስለሆነ ነው። መሮጥ የሚችል ሆኖ ሳለ እንዳይሮጥ ብይዘው፣ የወደድኩትን ነገር ራሱን ነው የምከለክለው። ደብተሩ ላይ አሁን ለአንድ ጥንድ ጫማ ሁለት ገጽ አለ፤ ሁለት ስም፣ ሁለት ርቀት፣ ሁለት ፊርማ። ሰባተኛና አምስተኛ። ጨረታ ላይ ማንም አይጠራበትም፤ እኔ ጋ ግን ከላይኛው መደርደሪያ ነው ያለው።

ቀነኒሳ በቀለ በ2008 ኤደንብራ ላይ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሲሮጥ ጫማው ወለቀ። ቆመ፣ ተመልሶ አጠለቀ፣ ወደ ኋላ ቀረ፣ ከዚያ ደርሶባቸው አሸነፈ። ይሄን ቪዲዮ ለልጆቼ ሳሳይ ሁልጊዜ የሚያዩት አጨራረሱን ነው። እኔ ግን የማያት ያቺን ጎንበስ ያለባትን ቅጽበት ነው። የዓለም ጀግና ሁሉ ሲያልፈው ጫማውን እያሰረ ነው። ጫማ በዚያች ሰዓት ሙዚየም አይደለም፣ ቅርስም አይደለም። ያስፈልጋል፣ አለቀ።

እንግዲህ ላላችሁኝ ጥያቄ መልሴ ይሄ ነው እህቴ። የምሰበስበው ሥራውን የጨረሰውን ነው፤ የጨረሰው ደግሞ ማን ጋ እንደሠራ እንዳይረሳ ነው። ከዚህች ከተማ ወጥተው ደሞዝተኛ ስፖርተኛ የሆኑ ልጆች ሜዳሊያ ካላመጡ ስማቸው የትም አይገኝም። ሰባተኛ የወጣን ሰው ማን ይጽፈዋል? አራት ቀዳዳ ያለበት አንድ ቁራጭ ወረቀት ግን «ነበርኩ፣ ሮጫለሁ» ይላል።

አሁን ወደ ልመናዬ። ስፖርት የሠራችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ወይም ቤታችሁ ውስጥ የሠራ ሰው ያላችሁ፣ እነዚህን ነገሮች አስቡልኝ።

የውድድር ቁጥራችሁን አትጣሉት። ጀርባው ላይ ዛሬውኑ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ርቀቱንና ስንተኛ እንደወጣችሁ ጻፉ። ነገ ትረሱታላችሁ፣ እመኑኝ።

የመጨረሻ ጨዋታችሁን ማሊያ ከመታጠቡ በፊት ፎቶ አንሱት። ለሐረር ሰው «አትጠቡት» ማለት ቀላል ነው፣ ውሃውም ራሱ ያግዛችኋል።

ጫማ ካላችሁ መጀመሪያ እጠፉት። ከታጠፈ፣ ሶሉ ካልተሰነጠቀ፣ ለኔ አታምጡት። መንደራችሁ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ፈልጉና ስጡት። ስትሰጡ ግን አንድ ነገር ንገሩት፤ ማን የት እንደሮጠበት። ጫማው ሲያልቅ ያኔ ወደ እኔ ይምጣ፣ ከነታሪኩ።

እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሌም ቤት ነኝ። ሐኪም ጋራ ሥር መጥታችሁ «የጫማው ቲቸር» ብትሉ ሕፃን ሳይቀር ያሳያችኋል፤ ስሙን ያወጡልኝ እናንተ ናችሁ። በኢንቦክስም መጻፍ ትችላላችሁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ያቺ ልጅ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ጠዋት ጠዋት አሁንም ከጅቦቹ ጋር እየተላለፈች ወደ ጋራው ትወጣለች፣ ሰዓቷም እየተሻሻለ ነው። ውድድሩ ከሚያዝያ በኋላ ነው። መደርደሪያዬ ላይ ያሉት አሥራ አንዱም አይሮጥባቸውም፣ እጥፍ ሳደርጋቸው ሁሉም ይሰነጠቃሉ። ስፓይክ፣ 38 ቁጥር፣ ያረጀም ቢሆን፣ ሚስማሩ የጎደለም ቢሆን ያለው ሰው አለ?